የብዕር ወዝ፦ ስለ ጽሑፍ ልማድና ስለ ራስ ስልት የቀረበ ዲስኩር



ንግግሬን ከጓዳ ልጀምር። አዲስ ምጣድ ከገበያ እንደመጣ እንጀራ አይጋገርበትም፤ መጀመሪያ ይሟሻል። ባለሙያዋ እሳት ታነድበታለች፤ የተወቀጠ ጎመን ዘር ትነሰንስበታለች፤ በጨርቅ ታሸዋለች፤ ደግማ ታነዳለች፤ ደግማ ታሻለች። ሸካራው ሸክላ ቅባቱን እየጠጣ ይጠቁራል፤ ይለሰልሳል። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ይጣበቃሉ፤ ይቀደዳሉ። በዚህ ምክንያት ምጣዱን የሚሰብር የለም። "ማሟሻ ናቸው" ተብሎ ይታለፋል። ቀን ቀንን ሲወልድ ምጣዱ ወዝ ያወጣል፤ ያን ጊዜ እንጀራው ሳይታገል ይነሣል።

"ወዝ" የምትለውን ቃል ልብ በሉልኝ። አንዱ ፍቺዋ ፊት ላይና ቆዳ ላይ የሚታየው ልስላሴና ድምቀት ነው፤ ንግግሩ የሚጥመንንም ሰው "ነገሩ ወዝ አለው" እንለዋለን። ሌላው ፍቺዋ የሠራተኛ ላብ ነው፤ በጉልበቱ የሚያድረውን ሰው "ወዛደር" ያልነው ከዚህችው ቃል ነው። ቋንቋችን ድምቀትንና ላብን በአንዲት ቃል ማሰሩን እንደ ትልቅ ትምህርት እቆጥረዋለሁ። የዛሬው ዲስኩሬም ከዚህች ቃል አይርቅም፦ ጸሐፊ የራሱ የሚባል ስልት የሚኖረው ስለተመኘ ወይም ስለመረጠ አይደለም። ስልት በየዕለቱ ሥራ የሚወጣ ወዝ ነው።

ይህን የምለው "የራሴን ስልት ከየት ላምጣ?" የሚል ጥያቄ ከወጣት ጸሐፊዎች ደጋግሞ ስለሚደርሰኝ ነው። ጠያቂዎቹ ስልት አንድ ቦታ ተደብቆ የሚጠብቃቸው ይመስላቸዋል። ሌሎች ደግሞ ነገሩን ሁሉ ለተሰጥኦ ይተዉታል፤ ያለው ይጽፋል፣ የሌለው ይቀራል ባይ ናቸው። ለሁለቱም ወገኖች መልስ ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። በገዛ አገራችን ለዘመናት ሰዎችን ቁጭ አድርጎ አዲስ ነገር መፍጠር ያስተማረ ቤት አለ፤ ቅኔ ቤት ይባላል።

የቅኔ ቤትን ሥርዓት እስቲ በጸሐፊ ዓይን እንየው። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ያጠናል፤ መምህሩ የሚዘርፉትን ቅኔ ይሰማል፤ ሰሙና ወርቁ ሲፈታ ያዳምጣል። ከዚያ ብቻውን ወደ ሜዳ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ይወጣና ቅኔ ይቆጥራል። "መቁጠር" መባሉ ራሱ ግሩም ነው፤ ቃል በቃል ላይ እያኖሩ፣ ቤቱንና ምጣኔውን እየለኩ፣ ፈጠራን እንደ ሥራ መያዝ ማለት ነው። የቆጠረውንም ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ይናገራል። መምህሩ የጎበጠውን ያቃናሉ፤ ባዶ የሆነውን ባዶ ነው ይላሉ። ጀማሪው የሚነሣው ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ በየደረጃው እያደገ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ይዘልቃል። ጉባኤ ቃና ሳይሞላለት ወደ መወድስ የሚዘል ተማሪ የለም።

ከዚህ ሥርዓት ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ፈጠራ ሰዓት አለው፤ ስሜት እስኪመጣ አይጠበቅም። ሁለተኛ፣ ከትንሽ ይጀመራል። ሦስተኛ፣ የዕለቱ ሥራ የዕለቱ ነው፤ በማኅሌት የሚቀርበው ቅኔ ለበዓሉ አዲስ መሆን አለበት፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፦ ሁሉም ተማሪዎች በአንድ ዓይነት ሕግ እየተመሩ፣ የዋድላ፣ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች እያንዳንዳቸው የሚታወቁበት መንገድ አበጅተዋል። ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ ለዛው ተለያየ። ብዙ ሰው ሥርዓት የግል ስልትን የሚገድል ይመስለዋል፤ ቅኔ ቤት የሚያሳየን ግን ስልት ሥርዓት ውስጥ እንደሚበቅል ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

ወደ ዘመናዊው ሥነ ጽሑፋችን ስንመጣም ነገሩ ያው ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ቅኔ ቤት ያፈራቸው ሰው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ስናነብ ረጃጅሙ ዓረፍተ ነገራቸው አንዱን ሐሳብ በሌላው ላይ እየደረበ፣ እያብራራ፣ እያዘገመ ይሄዳል። አንባቢውን የሚይዙት እንደ አዋቂ አውጊ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉ ፊደል ወዳልቆጠረው ሕዝብ ሁሉ የደረሰው፣ ከተራኪው ድንቅ ድምፅ ሌላ፣ ጽሑፉ ራሱ በትንፋሽ የተለካ ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ።

በአንጻሩ ብርሃኑ ዘርይሁን ዓረፍተ ነገሩን አሳጠረ። ጋዜጠኛ ነበር፤ ነገርን ቶሎ መዝጋት፣ ቶሎ ወደ ሚቀጥለው ማለፍ ያውቅበታል። የሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የደራሲዎቹን ስም ሸፍናችሁ እንኳ የቱ የማን እንደሆነ ትለያላችሁ። ሁለቱም ግን ያን መንገድ ከመደርደሪያ አንሥተው አልለበሱትም፤ አንዱን የቤተ ክህነት ትምህርት፣ ሌላውን የጋዜጣ ዴስክ አሽቶ ያወጣው ወዝ ነው።

የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። የአማርኛ ግጥም የታወቁ ቤቶች አሉት። የወል ቤት በስድስት ስድስት ቀለም ይመታል፤ ሰንጎ መገን በአምስት አምስት። ጸጋዬ ስምንት ስምንት የሚመታውን ረጅም ስንኝ ደጋግሞ ሠራበት፤ ዛሬ በትምህርት ቤት "የጸጋዬ ቤት" ተብሎ ይጠራል። አንድ ሰው ስሙን በግጥም ምጣኔ ላይ እስኪያተርፍ ድረስ ምን ያህል ስንኝ መቁጠር እንዳለበት አስቡት። ከአምቦ አካባቢ የተነሣው ጸጋዬ ኦሮምኛን፣ አማርኛንና ግዕዝን በአንድ ጆሮ ሰምቶ ያደገ ሰው ነው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ከአድዋ አካባቢ፣ ሰሎሞን ዴሬሳ ከወለጋ መጥተው አማርኛን እንዳዲስ አናገሩት። ስለዚህ "አማርኛዬ እንደ እገሌ አይደለም" ብላችሁ የምታፍሩ ወጣቶች ካላችሁ አትፈሩ። ከቤታችሁ፣ ከሰፈራችሁ፣ ከእናታችሁ ቋንቋ ይዛችሁ የመጣችሁት ቃና የእናንተ ጥሪት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ጆሮ ልናገር። መንግሥቱ ለማ በለንደን የተማረ፣ የቲያትርና የግጥም ሊቅ ነበር። አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ ታላቅ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ። ልጅ አባቱን ቁጭ አድርጎ፣ ድምፃቸውን በቴፕ ቀርጾ፣ የተናገሩትን በአነጋገራቸው ለዛ አሳተመው፤ መጽሐፉ "መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ" ይባላል። እኔ ለጸሐፊነት ተማሪ የሚሆን መጽሐፍ ምረጥ ብባል ይህን ከፊተኞቹ አደርገዋለሁ። ምክንያቱም ያ የተማረ ልጅ የአባቱን ንግግር "ላስተካክልልዎ" አላለም። አዳመጠ። የአማርኛ ወግ የት ላይ እንደሚቆም፣ የት ላይ እንደሚዞር፣ የት ላይ ድንገት እንደሚፈጥን ከአባቱ አንደበት እየሰማ ለእኛ አቆየልን።

ይህን ትምህርት እኔ ራሴ ዘግይቼ ነው ያገኘሁት። በወጣትነቴ የምወዳቸውን ደራሲዎች ዓረፍተ ነገር እየቀዳሁ ታሪክ እጽፍ ነበር። አንድ ምሽት የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ሳነብ እናቴ ከምድጃው አጠገብ ትሰማኝ ነበር። ስጨርስ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና፣ "ልጄ፣ ያ ሽማግሌ የኛ ሰፈር ሰው ነው ብለሃል። በኛ ሰፈር እንዲህ የሚያወራ ሰው አለ እንዴ?" አለችኝ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሰዎች ምን እንዳሉ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳሉት መጻፍ ጀመርኩ። ለቅሶ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ዕድር ስብሰባ ላይ የሰማሁትን ማታ ማታ አሰፍራለሁ። ያ ደብተር ካነበብኳቸው መጻሕፍት ባልተናነሰ አስተምሮኛል።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ዛሬ "ጦቢያ" የምንለው መጽሐፍ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ስሙም "ልብ ወለድ ታሪክ" ነበር። ያ ስም የዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ልብ የወለደው ማለት ነው። በአማርኛ ግን ልብ ማስተዋያም ነው፤ ማስተዋልን "ልብ ማለት" እንለዋለን። እንግዲህ ልብ ያላለ ሰው ልብ ወለድ ከየት ይወልዳል? የጸሐፊ ልማድ ከመጻፍ በፊት የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ልብ ከማለት።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

አሁን ወደ ሥራው ጠረጴዛ እንቅረብ። የራሱን ስልት ማበጀት የሚሻ ጸሐፊ በአማርኛ ውስጥ በየመስመሩ የሚገጥሙት ውሳኔዎች አሉ፤ ሦስቱን ላንሣ።

የመጀመሪያው ማሰሪያ አንቀጽ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አንባቢው ሰውየው ምን እንዳደረገ የሚያውቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። ያን ያህል አንባቢን በተስፋ ማቆየት ትልቅ ኃይል ነው፤ ካላወቁበት ደግሞ ትልቅ ሸክም ነው። ሀዲስ ያቆዩናል፤ ብርሃኑ ቶሎ ይለቀናል። እናንተ ስንት ጊዜ ታቆያላችሁ? ከዚህም ጋር የማሰሪያው ድግግሞሽ አለ። "ጠዋት ነበር። ሰማዩ ደመናማ ነበር። ሰውዬው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር።" ሦስት ጊዜ በሩ በአንድ ዓይነት ድምፅ ተዘጋ። "ጠዋት ነው። ደመናው ጣራ ሊነካ ወርዷል። ሰውዬው ከበረንዳው አልተነሣም" ቢባል ግን ጆሮ ይነቃል።

ሁለተኛው የአክብሮት ነገር ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። "አሮጊቷ ባላቸው ስለሞቱ በጣም አዝነው ነበር" ብዬ ብጽፍ ወሬ ነገርኳችሁ እንጂ ምንም አላሳየኋችሁም። እንዲህ ልለውጠው፦ "አሮጊቷ ረከቦቱ ላይ ሁለት ሲኒ ደረደሩ። ጥቂት ቆይተው አንዱን አነሡት።" ኀዘን የሚል ቃል የለም፤ ኀዘኑ ግን ሲኒው ላይ ነው። አሁን ደግሞ "አነሡት" የሚለውን "አነሣችው" በሉት። ሴትየዋ አልተለወጠችም፤ ተራኪው ግን ተለወጠ። በመጀመሪያው የጎረቤት ልጅ ነው በአክብሮት የሚያያቸው፤ በሁለተኛው ወይ እኩያዋ ነው፣ ወይ ከሩቅ የሚያያት ሰው። ጀማሪ ጸሐፊ በአንድ ገጽ ላይ አንዴ "አነሡ" አንዴ "አነሣች" ሲል ተራኪው ማን እንደሆነ ገና እንዳልለየ ይታወቅበታል። አንተን፣ አንቺን፣ እርስዎንና አንቱን የሰጠን ቋንቋ የሰዎችን ዝምድና ያለ ማብራሪያ የምናሳይበት መሣሪያ ሰጥቶናል።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። "ገና" ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ይናገራል፤ "ዋና" ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ የነገር ራስ ነው። ቅኔ ይህን ለኅብር፣ ማለትም ለድርብ ፍቺ፣ ተጠቅሞበታል፤ ያላሰበበት ጸሐፊ ግን አንባቢውን ያደናቅፍበታል። መድኃኒቱ የጻፉትን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ዓይን የሚያልፈውን ምላስ አያልፈውም።

ጮክ ብሎ ማንበብ ሌላም በሽታ ያጋልጣል። ዛሬ ከስብሰባና ከዘገባ ወደ ድርሰታችን የገባ አማርኛ አለ። "የዝናብ መጣል ሁኔታ በመኖሩ ወደ ቤት የመመለስ ሥራ ተሠርቷል" የሚል ዓይነት ነው። ሰው ሲናገር "ዝናብ ጣለና ተመለስን" ይላል። ሦስት ቃል የሚበቃውን በዘጠኝ ቃል ማራዘም ክብር አይጨምርም፤ ማን እንደተመለሰ ጭምር ይሰውራል። ስልት የሚጀምረው የራስ ያልሆነውን ቃል ከመመለስ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

ልማዱን በምን እናጽናው? ከብዙ በጥቂቱ የምመክረውን ልናገር።

ቁርጥ ያለ ሰዓትና ቁርጥ ያለ ልክ ይኑራችሁ። በቀን አንድ ገጽ የጻፈ ሰው በዓመት 365 ገጽ አለው። ሦስት አራተኛውን ቢጥለው እንኳ ወደ 90 የሚጠጋ ገጽ ይተርፈዋል፤ ይህም አንድ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል መጀመሪያ ነው። "ጊዜ የለኝም" ለምትሉ፣ በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. ከወጣው "ከአድማስ ባሻገር" በ1975 ዓ.ም. እስከወጣው "ኦሮማይ" ድረስ ያሉትን ልብ ወለዶቹን ያሳተመው የጋዜጠኝነትና የመንግሥት ሥራውን ሳይለቅ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁም አምባሳደርና ሚኒስትር ነበሩ። ጊዜ አልተረፋቸውም፤ ቀንሰው ሰጡት።

የምትወዱትን ደራሲ በእጃችሁ ገልብጡ። የብራና ዘመን ቁም ጸሐፊ ሙያውን የተማረው በሸምበቆ ብዕር የቀደሙትን እየገለበጠ ነው። አንድ ገጽ ስትገለብጡ ደራሲው የት እንደተነፈሰ እጃችሁ ያውቀዋል። ገልብጣችሁ ስታበቁ ግን ቅጂውን አስቀምጡና የራሳችሁን ነገር ጻፉ። መጀመሪያ እነሱን ትመስላላችሁ፤ አይክፋችሁ። የመጀመሪያው ዓመት ሥራችሁ የምጣድ ማሟሻ ነው።

አትቸኩሉ። ዛሬ የጻፉትን ዛሬውኑ በቴሌግራም መልቀቅ ቀላል ሆኗል። አበው "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብለዋል። የስብሐት "ሌቱም አይነጋልኝ" ከተጻፈ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይታተም ቆየ፤ ሲወጣም ትኩስ ነበር። የእናንተ ጽሑፍ አንድ ወር መሳቢያ ውስጥ ቢያድር አይበላሽም። ከወር በኋላ ስታወጡት እንደ ባዕድ ታነቡታላችሁ፤ ያን ጊዜ ነው ማረም የሚቻለው።

የሚያቃና ሰው ፈልጉ። የቅኔ ተማሪ መምህር አለው፤ የዛሬ ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው። ሁለት ወይም ሦስት እውነት የሚናገሩ አንባቢዎች ከሺህ አጨብጫቢ ይበልጣሉ። "እዚህ ጋ ሰለቸኝ" የሚላችሁን ሰው አመስግኑት፤ ለምን እንደሰለቸው ደግሞ ራሳችሁ ፈልጉ።

በመጨረሻም ምሳሌያችሁን ከራሳችሁ ቤት አምጡ። አዳም ረታ "ሕጽናዊነት" ብሎ የሰየመውን የአተራረክ መንገድ ሲያበጅ ምሳሌውን ያገኘው እንጀራ ላይ ነው። በየቀኑ በፊታችን የሚዘረጋውን፣ ዓይናማውን እንጀራ ትኩር ብሎ አየውና የልብ ወለድ ቅርጽ አወጣበት። ስንቶቻችን በልተነው ተነሥተናል? ስልት ከሩቅ አገር አይጫንም፤ እጃችን ከሚነካው፣ ጆሯችን ከሚሰማው ይወጣል።

ውድ ወጣቶች፤

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩ ስለሚያሳስበኝ ነው። አማርኛ ዛሬ ብዙ ይጻፍበታል፤ ብዙው ግን የማንም ያልሆነ አማርኛ ነው፤ ማን እንደጻፈው ማወቅ አይቻልም። እያንዳንዳችሁ ግን ሌላ ሰው ያልኖረበት ቤት፣ ሌላ ሰው ያልሰማው የአያት ተረት፣ ሌላ ሰው ያላየው አንድ ማለዳ አላችሁ። ያ ሳይጻፍ ከቀረ ማንም አይተካውም። እንዲጻፍ ደግሞ በየቀኑ የሚነድ እሳት ይፈልጋል።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ታላቅ መጽሐፍ ለመጀመር አትነሡ። ዛሬ የሰማችሁትን የአንድ ሰው አነጋገር፣ እንዳለ፣ በአንድ አንቀጽ አስፍሩት፤ ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ቢጣበቅ፣ ቢቀደድ አትደንግጡ። ነገ ምድጃውን እንደገና አንድዱት።